የብርድ ባሕር ሰርፊንግ፦ ቶፊኖ፣ ተርሶ፣ ኡንስታድ ወይስ ሎረንስታውን?

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ትልልቁ ሞገድ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች በሰሜን አትላንቲክና በሰሜን ፓሲፊክ ላይ አውሎ ነፋስ እየተከታተለ ይነሳል፤ የገፋው ሞገድም ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ተጉዞ ገደልና ድንጋይ በበዛበት ዳርቻ ላይ ይሰበራል። ሞገዱ ግሩም ነው፣ ሰው አይበዛም፣ ውሃው ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ይህ የሰርፊንግ (በቦርድ ሞገድ ላይ የመንሸራተት) መመሪያ በሞቃት ውሃ ቦርድ ላይ መቆም፣ ሞገድ መምረጥና ከሞገድ ሥር መጥለቅ ለለመደ፣ አሁን ደግሞ የመጀመሪያውን የብርድ ጉዞ የት ላድርግ ብሎ ለሚያመነታ ሰው ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ብርድ ውሃ ገብታችሁ የማታውቁ ከሆነ የካናዳው ቶፊኖ። ድንጋይ ላይ የሚሰበር ሞገድ የለመዳችሁና ጥራት ያለው፣ ወደ ቀኝ የሚሰበር ሞገድ የምትፈልጉ ከሆነ የስኮትላንዱ ተርሶ። ተራራውና ሰማዩ ራሱ የሚያጓጓችሁ፣ ለጨለማና ለተለዋዋጭ ነፋስ ትዕግሥት ያላችሁ ከሆነ የኖርዌዩ ኡንስታድ። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የሚገኘው ሎረንስታውን ግን ከሌሎቹ አንዱን ካያችሁ በኋላ እንጂ መጀመሪያ አይመረጥም።

ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው የሞገዱን ፎቶ አይቶ ነው። እኛ ሁለት ነገር ጠይቃችሁ እንድትመርጡ እንመክራለን፦ እጄ ስንት ደቂቃ ይታዘዘኛል? አልታዘዝ ሲለኝስ በየት በኩል እወጣለሁ?

ብርዱ የሚይዘው በቅደም ተከተል ነው

ውሃ ከሰውነት ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ነው። ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሆነ ውሃ ፊትንና ደረትን ድንገት ሲነካ ትንፋሽ ሳይታሰብ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ልብ ምቱን ያፈጥናል። ይህ ድንጋጤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ይበረታና ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጋብ ይላል። በዚያች ቅጽበት ጭንቅላታችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ የምትስቡት ውሃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ቆማችሁ ፊታችሁን አርሱ፣ በአንገታችሁ በኩል ጥቂት ውሃ አስገቡ፣ ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ጠብቁ። ከድንጋይ ላይ ተዘልሎ በሚገባበት ቦታ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ እዚያ ከመዝለላችሁ በፊት በድንጋዮቹ መሐል ባቆረ ውሃ ፊታችሁን ታጠቡ።

ቀጥሎ የሚሄደው እጅ ነው። ሰውነት ደሙን ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይሰበስባል፤ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ የክንድ ጡንቻ ይዝላል። የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊዝብሬክት በብርድ ውሃ ላይ ባደረገው ምርምር የታወቀ ነው፤ ነገሩን 1-10-1 በሚል ቀመር ያስረዳል፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በሚገባ ለሚሠሩበት 10 ደቂቃ፣ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት። ይህ በረዶ ሊሆን የተቃረበ ውሃ ውስጥ ያለ መከላከያ ልብስ ለገባ ሰው ነው። ጥሩ ዌትሱት (ሰውነት ላይ ልክክ የሚል የጎማ ልብስ) አሥሯን ደቂቃ ወደ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያራዝማል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይለውጥም። ጣት መጀመሪያ ይሄዳል፣ ልብና አእምሮ ኋላ ይቀራሉ። ብርድ ውሃ ላይ ችግር የሚገጥመው ሰው ብዙውን ጊዜ ገና ሙቀቱ አልወረደም፤ መቅዘፍ ነው ያቃተው።

መለኪያው ቀላል ነው። በየ10 ደቂቃው ቦርዳችሁ ላይ ተቀምጣችሁ የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ከትንሿ ጣት ጫፍ ጋር አገናኙ። ሳትቸገሩ ከተገናኙ ቆዩ። ከተንቀጠቀጡ የሚቀጥለውን ሞገድ ይዛችሁ ውጡ። ጭራሽ ካልተገናኙ ሞገድ አትጠብቁ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ነጭ አረፋው ያውጣችሁ። ሙሉ መዳፉ አንድ በሆነ ጓንት ፈተናው በደንብ ስለማይታይ፣ በምትኩ የቦርዱን ጠርዝ ጨብጣችሁ ለ5 ሰከንድ መያዝ መቻላችሁን ፈትኑ።

አሸዋ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ክብ ድንጋይ

ከውሃው ሙቀት ቀጥሎ ትልቁ ልዩነት ወለሉ ነው። በአሸዋማ ዳርቻ መግባት ከባድ፣ መውጣት ቀላል ነው። ሞገዱ በሰፊው ስለሚሰበር አልፎ ለመሄድ ደጋግሞ መጥለቅ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ መጥለቅ ግንባርን እንደ መርፌ ይወጋል። ለመውጣት ግን ፊትን ወደ ዳር ማዞር ብቻ ይበቃል። በድንጋያማ ወለል ይህ ይገለበጣል። ከሞገዱ ጎን ጥልቅ መተላለፊያ ስላለ ፀጉር ሳይረጥብ መግባት ይቻል ይሆናል፤ መውጫው ግን ጠባብ ነው፣ በአልጌ ይንሸራተታል፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም ቦታውን ይቀያይረዋል።

የምትወጡት ደግሞ እጃችሁ ከደነዘዘ በኋላ ነው። አንዱን ዳርቻ ከሌላው ስታወዳድሩ መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን አወዳድሩ የምንለው ለዚህ ነው።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የሚወድቅ ሰው ጀርባውንና ክርኑን ይጫራል፤ እግር ግን የሚቆምበት አያጣም። ክብ ድንጋይ የተከመረበት ዳርቻ የባሰ ነው፤ እግር በሁለት ድንጋይ መሐል ሲገባ ቁርጭምጭሚት ይዞራል፣ ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያስረው ገመድ፣ ሊሹም፣ ከድንጋይ ሥር ተወትፎ ይቀራል። እዚያ ስትወጡ ተከታታዮቹ ትልልቅ ሞገዶች እስኪያልፉ ሞገዱ ከሚሰበርበት ወዲያ ባሕሩ ላይ ጠብቁ፤ ከዚያ በትንሽ ሞገድ በሆዳችሁ ወደ ዳር ኑ፤ እጃችሁ ድንጋይ እስኪነካ አትቁሙ። ቦርዱ በእናንተና በሚመጣው ሞገድ መሐል በፍጹም አይሁን። ሊሹን ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ ከእግራችሁ የምትፈቱት ግን ደረቅ መሬት ስትደርሱ ነው።

ትንበያ ስታነቡ የሞገዱን ቁመት ብቻ አትዩ። የሞገድ ጉልበት ከቁመቱ ካሬና በሞገድና በሞገድ መካከል ካለው ሰከንድ ጋር አብሮ ይጨምራል። 2 ሜትር በ15 ሰከንድ የተባለው፣ 2 ሜትር በ8 ሰከንድ ከተባለው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በብርዱ ወራት ረጅሙ ሰከንድ የተለመደ ስለሆነ፣ በሞቃት ባሕር 2 ሜትር የለመደ ሰው እዚህ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ቢጀምር ይበቃዋል።

ቶፊኖ

ቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የውሃው ሙቀት በብርዱ ወራት ከ7 እስከ 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩም ብዙ ጊዜ ከዜሮ በላይ ስለሚሆን ልብስ መቀየር ራሱ ፈተና አይሆንም። ዝናቡ ግን አያባራም፤ አካባቢው በዓመት ከ3,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ዳርቻዎቹ አሸዋ ናቸው። ቼስተርማን ረጋ ያለ ነው፤ ኮክስ ቤይ ለትልቅ ሞገድ የተጋለጠ ነው፤ ሎንግ ቢች በፓሲፊክ ሪም ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ የፓርኩን መግቢያ መክፈል ይጠይቃል።

እንደ መጀመሪያ ጉዞ የምንመርጠው መውጫው የትም ስለሆነ ነው። አደጋው ሌላ ነው። ባሕሩ ሲበረታ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር በአንዴ ይሰበራል፤ የተመለሰው ውሃም በተለይ በገደሎቹ ሥር ጠንካራ ጅረት ሆኖ ወደ ውስጥ ይወስዳል። ጅረት ከያዛችሁ ወደ ዳር በቀጥታ አትቅዘፉ፤ ነጭ አረፋ ወደሚታይበት ጎን ቅዘፉና ሞገዱ ይመልሳችሁ። ሌላው ግንድ ነው። ማዕበሉ ከዳር አንስቶ ወደ ባሕር የሚያስገባው የዛፍ ግንድ በሞገድ ውስጥ ሲንከባለል ሰው ይሰብራል። ከመግባታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ቆማችሁ ውሃውን እዩ፤ ግንድ ካያችሁ፣ ወይም ሙላቱ ዳር ላይ የተከመሩትን ግንዶች መንካት ከጀመረ፣ ሌላ ዳርቻ ሂዱ።

ወደ ከተማዋ የሚወስደው ቁጥር 4 አውራ ጎዳና ተራራማ ቦታ ያቋርጣል፤ እስከ ማርች መጨረሻ የክረምት ጎማ ግዴታ ነው። መኪና ስትከራዩ ይህን ጠይቁ።

ተርሶ

በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኬትነስ ውስጥ ነው። ተርሶ ኢስት የሚባለው ሞገድ በወንዙ አፍ አጠገብ፣ ከፈራረሰው የተርሶ ቤተ መንግሥት በታች፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወደ ቀኝ ይሰበራል። በ1981 የአውሮፓ የሰርፊንግ ሻምፒዮና የተካሄደው በዚህች ከተማ ነው። ውሃው በፌብሩዋሪና በማርች ወደ 6 እና 7 ዲግሪ ይወርዳል፤ ወንዙ ከረግረጉ ይዞት የሚመጣው ቡናማ ቀለም ስላለው ወለሉ አይታይም፤ ሞገዱ ጥልቀት እንዳለው አስመስሎ ያታልላል።

የዚህ ቦታ በጎነት ሞገዱ ሁሌም አንድ ቦታ መሰበሩ ነው። የት እንደምትቀመጡ ለማወቅ ብዙ መቅዘፍ አያስፈልግም፤ ወንዙም ወደ ውጭ ሲፈስ ይዟችሁ ይሄዳል። ይኸው ወንዝ ግን ስትመለሱ ይገፋችኋል። ከዝናብና ከበረዶ መቅለጥ በኋላ ፍሰቱ ስለሚበረታ፣ መቅዘፊያ ጉልበት እያላችሁ መውጣት ግድ ነው። ሞገድ ላይ ስትወድቁ በጀርባችሁ ተዘርግታችሁ ውደቁ፣ ጭንቅላታችሁን በሁለት ክንዳችሁ ሸፍኑ፤ ወለሉ ከምታስቡት በላይ ቅርብ ነው።

ከደቡብ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሆነ ሞገዱን ያስተካክለዋል፤ ከሰሜን ከሆነ ያበላሸዋል። የሚያጽናናው ነገር አማራጭ መኖሩ ነው፦ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዳኔት ቤይ ረጅም አሸዋ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሜልቪችና ስትራዚም አሸዋማ ናቸው። ብሪምስ ኔስ የሚባለውን ግን ስሙን ሰምታችሁ አትሂዱ፤ ጥልቀት የሌለው ድንጋይ ላይ በኃይል የሚሰበር፣ ለባለሙያ የሚተው ሞገድ ነው። ዲሴምበር ላይ የቀን ብርሃን ርዝመቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ መግባት ነው የሚቻለው፣ ያም ከሙላቱ ሰዓት ጋር ከገጠመ።

ከቶፊኖ ወደ ተርሶ በአንዴ መሻገር የከበደው ሰው አየርላንድ ውስጥ ቡንዶራን ላይ ሊያርፍ ይችላል። በፌብሩዋሪም ቢሆን ውሃው ወደ 9 ዲግሪ ነው፤ ታለን ስትራንድ የሚባለው አሸዋና ፒክ የሚባለው ድንጋያማ ሞገድ ጎረቤት ናቸው። አሸዋው ላይ ጀምሮ ሲለምዱ ወደ ድንጋዩ መሄድ ይቻላል።

ኡንስታድ

ሎፎተን ደሴቶች ላይ፣ 68 ዲግሪ ሰሜን፣ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለች የባሕር ወሽመጥ ናት። ይህን ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ባሕሩ መቀዝቀዝ የነበረበትን ያህል አልቀዘቀዘም፤ ከደቡብ የሚመጣው የአትላንቲክ ጅረት ውሃውን በ4 እና በ6 ዲግሪ መካከል ያቆየዋል። ወሽመጧ በግራም በቀኝም ክብ ድንጋይ ላይ የሚሰበር ሞገድ አላት፤ መሐሉ ደግሞ ለጀማሪ የሚሻል ነው። ዳሩ የተከመረ ድንጋይ ስለሆነ ከላይ ስለ መውጫ ያልነው ሁሉ እዚህ ይሠራል፣ በላዩም በረዶ ይጨመርበታል። ድንጋይ ላይ የተጋገረ ስስ በረዶ ከአልጌ የባሰ ያንሸራትታል፤ ቦርዱን በብብት ይዞ ከመቆም ይልቅ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ እጅ ነጻ አድርጎ መሄድ ይሻላል።

ነፋሱ የዚህ ቦታ ዋና ጣጣ ነው። ዙሪያውን ያለው ቀጥ ያለ ተራራ ነፋሱን ይጠመዝዘዋል፤ ትንበያው ቀላል ያለው ነፋስ ከተራራው ቁልቁል ድንገት ወርዶ ቦርድ ከእጅ ሊነጥቅ ይችላል። ሞገዱ የተነሳበትን ጫፍ ነፋሱ ወደ ኋላ ሲበትነው ካያችሁና ውሃው ላይ ጥቁር ጥላ እየሮጠ ወደ ውጭ ሲሄድ ከተመለከታችሁ፣ ትንሽ ቦርድ የያዘ ሰው ሞገድ ሊይዝ አይችልም፣ ለመመለስም ይደክማል።

ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ አትወጣም። ጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ድንግዝግዝታ አለ፤ በእሱ ብርሃን ሰርፍ ማድረግ ይቻላል፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን አይመከርም። እኛ የምንመርጠው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች ያለውን ጊዜ ነው። ውሃው በዓመቱ ቀዝቃዛው ላይ ነው፤ ብርሃኑ ግን ተመልሷል፣ ሞገዱም ገና አላለቀም። ልዩነቱ 1 ዲግሪ ብርድ ከፍሎ በቀን ብዙ ሰዓት ማግኘት ነው፣ ያዋጣል።

ሎረንስታውን

ከሃሊፋክስ ከተማ በስተምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢነዳ ይደረሳል። ኬክሮሱ ከአራቱ ዝቅተኛው ነው፣ ውሃው ግን ከአራቱ ቀዝቃዛው። ከሰሜን የሚወርደው ጅረት በፌብሩዋሪና በማርች ባሕሩን ወደ 0 እና 2 ዲግሪ ያወርደዋል፤ የባሕር ውሃ የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ላይ መሆኑን አስታውሱ። አየሩ ከዜሮ በታች 10 እና 15 ሲገባ፣ ከየብስ የሚነፍሰው ነፋስ ሲጨመርበት፣ ሽፋሽፍትና የኮፍያ ጠርዝ ላይ በረዶ ይጋገራል።

ዳርቻው ጥንት የበረዶ ግግር ትቶት የሄደው የአፈርና የድንጋይ ኮረብታ ነው፤ ባሕሩ ኮረብታውን ሲበላ ድንጋዩ ከሥር ይቀራል፣ ሞገዱም እሱ ላይ ይሰበራል። በዳርቻው መሐል ያለው ጅረት በጣም ጠንካራ ነው። ሞገዱ የሚመጣው ዝቅተኛ ግፊት ያለው አየር በዳርቻው አጠገብ ሲያልፍ ነው፤ ካለፈ በኋላ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይዞርና ሞገዱን ያሳምረዋል። ያ መልካም ሰዓት አጭር ነው፣ በዓመቱ ቀዝቃዛ ከሆነው ነፋስ ጋር ነው የሚመጣው። 45 ደቂቃ እዚህ ረጅም ነው። በመኪናና በውሃው መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሚያስኬድ ቦታ አትምረጡ።

ልብሱ ዳርቻውን ይከተላል

ዌትሱት ላይ 5/4 የተጻፈው ደረትና ጀርባው 5 ሚሊሜትር፣ እጅና እግሩ 4 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። ለቶፊኖና ለቡንዶራን 5/4 ከኮፍያ ጋር ይበቃል። ለተርሶ ጥሩ ገበር ያለው 5/4 ወይም 6/5፣ ለኡንስታድ 6/5፣ ለሎረንስታውን ከ6/5 በታች አይሆንም።

ግን ከውፍረቱ በፊት ልክ። የሚያሞቃችሁ ጎማው ውስጥ የታሰረው የጋዝ አረፋ ነው፤ ውሃ በልብሱ ውስጥ እየገባ እየወጣ ከሆነ አረፋው ምንም አይፈይድም። ልክክ ያለ 5/4 ከሰፊ 6/5 ይሞቃል። ስትለኩ አራት ቦታ ፈትሹ፦ ወገብ በስተጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት በስተኋላ። ቁጢጥ ስትሉ ወገብ ላይ አየር የሚይዝ ኪስ ከተፈጠረ ልብሱ ትልቅ ነው። እጃችሁን ወደ ላይ ስታነሱ ልብሱ ብሽሽት ላይ ከተወጠረ አጭር ነው። ሙሉ ትንፋሽ መሳብ ካልቻላችሁ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ትከሻችሁን ያደክማል።

ስፌቱን ከውስጥ ገልብጡና እዩ። መርፌው ጎማውን በስቶ ያለፈበት ጠፍጣፋ ስፌት ለሞቃት ውሃ ነው። የሚፈለገው መጀመሪያ በሙጫ ተጣብቆ፣ መርፌ ሳያልፈው የተሰፋ፣ ከውስጥ በቴፕ ወይም በፈሳሽ ጎማ የተሸፈነ ነው። ደረቱ ላይ ለስላሳ ጎማ ያለው ነፋስ አያቀዘቅዘውም፣ በጥፍር ግን በቀላሉ ይቀደዳል። በጨርቅ የተሸፈነው ይበረክታል፣ እርጥበት ስለሚይዝ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ነፋሻማ ለሆኑት ለኡንስታድና ለሎረንስታውን ለስላሳውን፣ ድንጋይ ለሚነካካበት ለተርሶ ጨርቁን እንመርጣለን።

ኮፍያው ከልብሱ ጋር የተሰፋ ይሁን። ለብቻው የሚለበስ ኮፍያ ርካሽና ምቹ ነው፤ ከሞገድ ሥር ስትጠልቁ ግን በአንገት በኩል ውሃ ያስገባል። ዚፑም የደረት ይሁን እንጂ የጀርባ አይሁን፤ የጀርባው ለማውለቅ ይቀላል፣ ውሃውን ግን ቀጥታ አከርካሪ ላይ ያወርዳል። የደረት ዚፕ ጉድለቱ በደነዘዘ እጅ ለማውለቅ ማስቸገሩ ነው፤ ዚፑ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ገመድ ብታስሩ በጥርስም ይከፈታል።

አየርና ውሃ የማያስገባውን ደረቅ ልብስ የሚያስቡ አሉ። ካያክ ለሚባለው ጠባብ ጀልባ ግሩም ነው። ለሰርፊንግ አይሆንም፤ ውስጡ የቀረው አየር ለመጥለቅ ያስቸግራል፣ ጨርቁ በቀዘፋ ይታጠፋል፣ ድንጋይ ላይ ከተቀደደም ውሃ ይሞላል።

ጓንትና ቡት ላይ ስህተት የሚበዛው ጥብቅ መግዛት ነው። ደም የሚያግድ 7 ሚሊሜትር ቡት ልክ ከሆነ 5 ሚሊሜትር የባሰ እግር ያደነዝዛል። ለቶፊኖ 5 ሚሊሜትር ቡትና 3 ሚሊሜትር ባለ አምስት ጣት ጓንት፣ ለተርሶ ሁለቱም 5፣ ለኡንስታድ 7 ሚሊሜትር ቡትና 5 ሚሊሜትር ጓንት፣ ለሎረንስታውን 7 ሚሊሜትር ቡትና ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ወፍራም ጓንት። አንድ ላይ ያሉ ጣቶች ይሞቃሉ፣ የቦርዱን ጠርዝ መጨበጥና ሊሽ መፍታት ግን ይከብዳል፤ ቤት ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱት።

ስትለብሱ እግራችሁን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ በልብሱ እግር አሳልፉት፣ ሸርተት ብሎ ይገባል፤ ፌስታሉን ወደ ሌላው እግር፣ ከዚያም ወደ እጅ አዛውሩት። ጎማውን በጣት ሥጋ እንጂ በጥፍር አትጎትቱ። የልብሱ እግር ከቡቱ በላይ፣ እጅጌውም ከጓንቱ በላይ ይውረድ፤ ከተገላበጠ ቡቱ ውሃ ተሸክሞ ይውላል። የሁለተኛውን እጅ እጅጌ ለብቻ ማውረድ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጓንቱን ከማጥለቃችሁ በፊት እጅጌውን 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እጠፉት፤ ጓንት ባጠለቀው በሌላው እጅ ወይም በጥርስ መልሳችሁ ዘርጉት።

ቶፊኖ ላይ ሙሉ ልብስ መከራየት ያስኬዳል። የተከራየ ልብስ ግን ትከሻውና ጉልበቱ ላይ ጎማው ተጨፍልቆ የሳሳ ሊሆን ስለሚችል በጣታችሁ ጨምቃችሁ ፈትሹ። የሆነ ሆኖ ጓንትና ቡት የራሳችሁን ያዙ። የጆሮ መድፈኛም ጨምሩ፤ ብርድ ውሃና ነፋስ በዓመታት ውስጥ የጆሮ ቦይ አጥንትን እያሳደገ ቦዩን ያጠባል፣ ኮፍያ ብቻውን አይከላከልም።

ቦርዱ

ከለመዳችሁት ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚበልጥ ተንሳፋፊነት ያለው ይሁን፤ የረጠበ ልብስ ይከብዳል፣ ትከሻም እንደ ሞቃት ውሃ አይዞርም። ከኢፖክሲ የተሠራው ቀላልና ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ በረበሸው ውሃ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል። ለኡንስታድ ትንሽ ከበድ ያለው የፖሊስተር ቦርድ ይሻላል። እግር እንዳይንሸራተት ቦርዱ ላይ የሚቀባው ሰም ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ለስላሳ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ቀቡት፣ በበረዶ ላይ ሰም ድንጋይ ሆኖ አይጣበቅም።

ከወጣችሁ በኋላ ያሉት 10 ደቂቃዎች

የሰውነት ውስጥ ሙቀት ከውሃ ከወጣችሁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ አታውሩ፣ ፎቶ አታንሱ። ከመግባታችሁ በፊት ልብሳችሁን በምትለብሱበት ቅደም ተከተል ደርድሩት፦ ከላይ የሱፍ ኮፍያ፣ ቀጥሎ ሹራብና ጃኬት፣ ከሥር ሱሪና ካልሲ። ሳፋ ውስጥ ቆማችሁ ቀይሩ፤ እግር ከበረዶ ይለያል፣ እርጥቡ ልብስም እዚያው ይወድቃል። መጀመሪያ የላይኛውን አካል አውልቁ፣ አድርቁ፣ አልብሱ፤ ከዚያ ወደ ታች። በፔርሙስ የያዛችሁት ከ38 እስከ 40 ዲግሪ የሆነ 2 ሊትር ውሃ በጓንቱና በቡቱ ውስጥ ሲፈስ ለማውለቅ ይረዳል። ሙቀቱን በደነዘዘ እጅ አትለኩት፣ ሳይታወቃችሁ ትቃጠላላችሁ።

የሚንቀጠቀጥ ሰው ገና ራሱን እያሞቀ ነው፤ ደረቅ ልብስና የሞቀ ጣፋጭ መጠጥ ይበቃዋል፣ አልኮል ግን አይሰጠው። መንቀጥቀጡ ቆሞ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ከተደናበረ፣ ሰውነቱ ከ35 ዲግሪ በታች ወርዷልና አስተኙት፣ አትሹት፣ አታራምዱት፣ እርዳታ ጥሩ፦ ካናዳ 911፣ ብሪታንያ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር ዳርቻ ጥበቃ) በሉ፣ ኖርዌይ ለሕክምና 113። ቁልፉ በጣታችሁ እስኪሰማችሁ ድረስም መኪና አትንዱ።

ልብሱን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ወገቡ ላይ አጥፋችሁ ስቀሉ፤ ማሞቂያ አጠገብ አይሁን። መኪና ውስጥ ካደረና ከረጋ በጉልበት አትዘርጉት፣ ዚፑ ይሰበራል። ሁለተኛ ጥንድ ጓንት ከሁለተኛ ቦርድ ይበልጣል፤ ጠዋት እርጥብ ጓንት ያጠለቀ ሰው ቀኑን በደነዘዘ ጣት ይጀምራል።

ስንት ቀን መያዝ ይገባል

ቶፊኖ ሞገድ አታጣም፤ ጥያቄው መብዛቱ ነው። 4 ወይም 5 ቀን ከያዛችሁ የሚመጥን ቀን ታገኛላችሁ። ተርሶ ትክክለኛ ነፋስ ስለሚፈልግ አንድ ሳምንት ያዙ፣ ዳኔት ቤይን በተጠባባቂነት ይዛችሁ። ኡንስታድ አንድ ወሽመጥ ናት፣ ነፋሱ ከጠመመ ቅርብ አማራጭ ጥቂት ነው፤ ከ8 እስከ 10 ቀን ያስፈልጋል፣ የመንገድ በረዶም አንድ ሁለቱን ሊወስድ ይችላል። ሎረንስታውን በቀጠሮ አይሆንም፦ የአየር ግፊቱን ካርታ እያዩ፣ ዝቅተኛ ግፊቱ ሲቃረብ ቲኬት ቆርጦ፣ ነፋሱ ሲዞር እዚያ መገኘት ነው። እንዲህ ለመንቀሳቀስ የማይመቸው ሰው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይሂድ፤ ያኔ ከደቡብ የሚመጡት የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች በዚያው ድንጋይ ላይ ሞገድ ያመጣሉ፣ ውሃውም ገና አልቀዘቀዘም።